የቅጹ ጀርባ

«ሃምሳ ሦስት ነጥብ! በአንድ ጨዋታ! ያውም ሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ይዞት!»

የቅርጫት ኳስ ክለቡ ሊቀመንበር ይህን ሲል በጣቱ የፍሬም ቤቱን የሥራ ጠረጴዛ መስታወት ይደበድብ ነበር። ፍሬም ሠሪዋ ጣቱ የተወውን ቅባት በጨርቅ ጠረገች። ከግማሽ ሰዓት በፊት በር ላይ ቆሞ ሲያወራ የተጫዋቹ ትኩሳት ሠላሳ ስምንት ነበር።

«አትቆጡኝና፣ ሌብሮን እያለ…» አለ መስታወት ቆራጩ ቀና ሳይል።

«የምን ሌብሮን ታመጣብኛለህ!» ባለሱቁ ከወንበሩ ተነሣ። «ስድስት ጊዜ ፍጻሜ ደርሶ ስድስቱንም ዋንጫ የወሰደ ማነው? ጆርዳን። አለቀ።»

«ነጥብ ከሆነ ግን ጋሼ፣ ከሌብሮን በላይ ያገባ የለም።»

«እናንተ የምታወሩት በቴሌቪዥን ያያችሁትን ነው» አለ ሊቀመንበሩ በንቀት። «እኔ የክለባችንን ተጫዋች መሰላልን በእነዚህ ዓይኖቼ አይቼዋለሁ። የምንጊዜም ታላቁ ተጫዋች እሱ ነው፤ እብነ በረዱም ተቀርጿል። ነገ ጠዋት አዳራሹ በስሙ ይሰየማል። ማስረጃ የሚል ካለ ደግሞ ይኸው!»

ከኪሱ ውስጥ አንድ ያረጀ ወረቀት አወጣ። ከሦስት ዓመት በፊት የሞተው መሰላል ሃምሳ ሦስት ነጥብ ያገባበት የዚያ ጨዋታ የውጤት ቅጽ ነው። ከክለቡ ቁም ሣጥን ሥር ተገኘ አሉ። እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ምንም አልቀረው።

«ሰሌዳ ላይ በኮላ ጥብቅ አድርጋችሁ ለጥፉልኝ። እንዳይሸበሸብ።»

ፍሬም ሠሪዋ የኮላውን ቆርቆሮ ከፈተች። ጥርሷን ነክሳለች፤ ምክንያት አላት። ያሳደገቻት አክስቷ በወጣትነቷ የዚሁ ክለብ የሴቶች ቡድን ተጫዋች ነበረች። አንድ ቀን «ስልሳ አንድ ነጥብ አግብቻለሁ» አለች። አንድም ሰው አላመናትም። ሰፈሩ ግን ቃሉን አልጣለውም፤ ቅጽል ስም አደረገው። ዳቦ ቤት ስትገባ «ስልሳ አንድ መጣች፣ ሰልፉን ልቀቁ!» ይላሉ። ታክሲ ስትጠብቅ «ስልሳ አንድ፣ ኳሱን አቀብይን!» ይላሉ። ፍሬም ሠሪዋ ራሷ ሦስተኛ ክፍል ሳለች በዚህ ስም የተነሣ የአንዱን ልጅ ኮሌታ ከሸሚዙ ለይታለች። አክስቷ ግን «ስልሳ አንድ» ባሏት ቁጥር፣ እስከ ዛሬ፣ «አቤት» ትላለች። ይህ «አቤት» ነው ልጅቷን የሚያንገበግባት።

ወረቀቱን ኮላ ልትቀባ ገለበጠችው።

ጀርባው ባዶ አልነበረም። ሌላ ቅጽ ተሞልቶበታል፤ ቀኑ ያው፣ አዳራሹ ያው። የሴቶች ጨዋታ ነው። ያኔ ወረቀት ስለማይበቃ ቀድመው የሚጫወቱት ሴቶች በአንዱ ገጽ፣ ቀጥለው የሚገቡት ወንዶች በሌላው ይመዘገቡ ነበር። ጽሕፈቱ ቁም ጽሕፈት ነው፣ አንድም ስርዝ የለውም። ሰባት ቁጥር። የአክስቷ ሙሉ ስም። ድምር፣ ስልሳ አንድ።

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ጮክ ብላ አነበበችላቸው።

መስታወት ቆራጩ መቁረጫውን አስቀመጠ። ባለሱቁ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ሊቀመንበሩ ወረቀቱን ከእጇ ወሰደና ክንዱን ዘርግቶ ተመለከተው።

«ሴት ከሴት ጋር ነዋ» አለ። «ማን ተከላክሏት?»

«መሰላልስ? ማን ተከላክሎት? ትኩሳቱ?»

«አንቺ ልጅ፣ አፍሽን ሰብስቢ» አለ ባለሱቁ።

«ይሄ ደግሞ ማን እንደጻፈው አይታወቅም።» ሊቀመንበሩ ከታች «መዝጋቢ» ከሚለው ጎን ያለውን ፊርማ በጥፍሩ ነካ። ፊርማው የተጠማዘዘ ጭረት ብቻ ነው። «የማን ነው ይሄ? ስም የለው፣ ምን የለው። አንዱ ወዳጇ ይሆናላ። ያኔ ቆንጆ ነበረች፤ ለቆንጆ ሴት ነጥብ የሚጨምር ወንድ ይጠፋል?»

ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። ሊቀመንበሩ የኮላውን ብሩሽ ብትወረውር ልትስተው በማትችልበት ርቀት ላይ ቆሟል፤ እሷንም ያሳደገቻት ያቺው አክስቷ ናት። ብሩሹን ግን ቆርቆሮው ላይ አጋደመችው።

«በሁለት መስታወት መሃል ላድርገው» አለች ድምፅዋን አለዝባ። «ከፊትም ከኋላም ይታያል። የሁለተኛው መስታወት ከደሞዜ ይቆረጥ።»

«ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ነገር ጀርባው ለማን ነው? ለግድግዳው?» ሊቀመንበሩ በራሱ ቀልድ ሳቀ። «ይለጠፍ ብያለሁ። የሠላሳ ዘጠኝ ትኩሳት ታሪክ በአንዲት ወሬኛ አይበላሽም።»

«ነገም ካወሩት ትኩሳቱ ይፈላል» አለች።

ባለሱቁ ጠረጴዛውን መታ። «ወይ ለጥፊ፣ ወይ ሽርጥሽን አውልቂ!»

ወደ ጓሮ ወጥታ አክስቷ ጋ ደወለች። ስለ ቅጹ ነገረቻት፤ ቁጥሩን፣ ቀኑን፣ ኮላውን። ስለ ወዳጅ የተባለውን ግን ዋጠችው። ለአክስት የሚነገር አልነበረም።

አክስቷ ልብስ ትሰፋ ነበር። የስፌት መኪናዋ ድምፅ ቆመ።

«ለጥፊው» አለች።

«እታባ!»

«ለጥፊው አልኩሽ። ወረቀት ተለጠፈ ተብሎ የገባ ኳስ ተመልሶ አይወጣም። አንቺ ግን ከሥራ ትወጫለሽ።»

በስልኳ የቅጹን ጀርባ ሁለት ጊዜ ፎቶ አነሣች። ከዚያ ቀባችው። ኮላው ሰማያዊውን ቀለም ሲያርሰው፣ መጀመሪያ ሰባት ቁጥሩ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ የአክስቷ ስም፣ መጨረሻ ላይ ያች የተጠማዘዘች ፊርማ። ሰሌዳው ላይ አሳርፋ በመዳፏ ዳመጠችው። ሊቀመንበሩ «እጅሽ ግን ጎበዝ ነው» አላት። የኮላውን ቆርቆሮ ከደነች።

በማግሥቱ አዳራሹ ሙሉ ነበር። ሊቀመንበሩ መጋረጃውን ገለጠ፤ እብነ በረዱ «የምንጊዜም ታላቁ ተጫዋች» ይላል። ከሥሩ ፍሬሙ በአራት ብሎን ታስሯል። ብሎኖቹን ያሰረችው እሷው ናት፣ ሥራዋ ነውና።

«…ያውም» አለ ሊቀመንበሩ ማይኩን ጨብጦ፣ «አርባ አንድ ትኩሳት ይዞት!»

ሕዝቡ አጨበጨበ። ከኋላው ረድፍ አክስቷ ሳቀች፤ የይስሙላ ሳቅ አይደለም፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ።

«ምን ያስቅሻል?» አለች ልጅቷ ተናዳ።

«ቆይ፣ ስንወጣ።»

በሩ ላይ ጥበቃው የእንግዶች መዝገብ ይዞ ተቀምጧል። «ስልሳ አንድ፣ ሳትፈርሚ ወዴት ነው?» አለ እየሳቀ።

«አቤት፣ መጣሁ» አለች አክስቷ።

ልጅቷ ስልኳን አወጣችና ፎቶውን አፍንጫው ሥር አስጠጋችለት። «እየው! አንብበው! ማንበብ ከቻልክ።»

ሰውየው ዓይኑን አጨንቁሮ አየ። «ዛሬ በስልክ የማይሠራ ነገር አለ እንዴ? ዋናው የታለ?»

ዋናው የት እንዳለ ታውቃለች። ራሷ ለጥፋዋለች።

«መነጽሬን አልያዝኩም፣ አንቺ ጻፊልኝ» አለቻት አክስቷ።

ብዕሩን አነሣች። «ስም» በሚለው ዓምድ ሥር የአክስቷን ስም ልትጽፍ ጀመረችና ቆመች። ዕድሜ ልኳን ከአፏ አውጥታው የማታውቀውን፣ ኮሌታ የቀደደችበትን ስም ጻፈች። ስልሳ አንድ። በቁም ጽሕፈት፣ ያለ ስርዝ።

አክስቷ ያለ መነጽር ጎንበስ ብላ ጽሕፈቱን አየች።

«ፊደልሽ ሲያምር። ልክ የመሰላልን ይመስላል።»

«የመሰላልን ጽሕፈት የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«ኧረ ያን ቀን የኛን ጨዋታ የመዘገበው ማን ሆነና? እኛ ስንጫወት ከወንዶቹ አንዱ ይጽፋል፤ እነሱ ሲጫወቱ ከኛ አንዷ። እንደዚያ ነበር ደንቡ። ትኩሳት ሲል ያሳቀኝ ለሱ ነው። ትኩሳት የያዘው ሰው ጨዋታ ሙሉ ተቀምጦ ‹ሰባት ቁጥር፣ እረፊ እንጂ፣ ጣቴ ዛለ!› እያለ ይጮሃል?»

«ፊርማውስ?»

«የሱ ነዋ! የማን ይሆናል?»

«ምነው ታዲያ ትናንት አልነገርሽኝም?»

«ፊርማ መች አነሣሽብኝ?»

ልጅቷ በተከፈተው በር ወደ ውስጥ አየች። ሰዎች ፍሬሙ ሥር ተራ ይዘው ፎቶ ይነሣሉ። ኮላው ከደረቀ አንድ ሌሊት አልፎታል።

ጥበቃው ብዕሩን ሊቀበል እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። መዝገቡን ወደ ራሷ ሳበችና «አስተያየት» በሚለው ዓምድ ሥር ጻፈች፦

መዝጋቢ፣ መሰላል።