የፋብሪካውን ስም ማን ጠራው?

ደብዳቤው አራት መስመር ብቻ ነበር። እናትየው ግን አራቱን መስመር ለማንበብ ሙሉ ከሰዓት ፈጀባት። መጀመሪያ ቆማ አነበበችው። ቀጥሎ ተቀምጣ አነበበችው። ሦስተኛውን ጊዜ ወደ መስኮቱ ዞራ ማህተሙን በብርሃን አየችው፤ ምናልባት የሆነ ቀልደኛ የሠራው ውሸት ይሆን ብላ። ማህተሙ ክብ ነው፤ ቀለሙም አልተዛነፈም። ውሸት አይደለም።

«ሠራተኛዋ በግል የማኅበራዊ ሚዲያ ገጿ ላይ የፋብሪካውን ስም በመጥቀስ መልካም ዝናውን የሚያጎድፍ ጽሑፍ ስላወጣች፣ ከሥራ ተሰናብታለች» ይላል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው ፖሊስ ነው ብላ አሰበች። እስር ቤት ብርድ ነው ሲባል ሰምታለች፤ ስለዚህ ተነስታ የልጅቷን ወፍራም ሹራብ አጠበች። ሹራቡን ገመድ ላይ ስታሰጣ ግን ሌላ ነገር ያዛት። ሌላው ሰው ሲፈራ ዝም ይላል፤ እሷ ስትፈራ ነው ይበልጥ የምትጠይቀው። እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታለች።

«እስቲ ምን ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«ነገርኩሽ እኮ እማ።»

«ድገሚልኝ።»

«የሁለት እጄን ፎቶ አነሳሁ፤ የሳሙና ዱቄት እንዳነጣው። ከሥሩ ‹ቀኑን ሙሉ ሳሙና ስናሽግ ውለን እጃችንን የምንታጠብበት ውሃ ጠፋ፤ ንጽሕና ከሩቅ ያምራል› ብዬ ጻፍኩ። በቃ።»

እናትየው ሳቋ መጣባትና ዋጠችው። ጊዜው የሳቅ አይደለም።

«ታዲያ የፋብሪካው ስም የታለ?»

«የለም።»

«ደብዳቤው እኮ ‹ስሙን በመጥቀስ› ነው የሚለው።»

«ተይው።»

«ፎቶው ላይ ካርቶን ይታያል?»

«እጄ ብቻ ነው አልኩሽ።»

«እጅሽን ደግሞ ማን ለይቶ ያውቀዋል? እኔ የወለድኩሽ እንኳ ከሌላ ሰው እጅ ጋር ቢደባለቅ…»

«እማ! ተይው በቃ!»

«እስቲ አሳዪኝ።»

«አጥፍቼዋለሁ። የለጠፍኩት ለት ማታውኑ አጥፍቼዋለሁ።»

ይሄ ደግሞ ይባስ። የጠፋ ጽሑፍ፣ ስም የሌለው ፎቶ፣ ስም ጠርታለች የሚል ደብዳቤ። እናትየው ያን ቀን ሽንኩርት እየከተፈችም፣ የትራስ ልብስ እየሰፋችም የምታስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማን ነገራቸው? አጠገቧ የምታሽገውን ልጅ ጠረጠረች፤ የፈረቃ ተቆጣጣሪውን ጠረጠረች። ለሦስት ደቂቃ ያህል የዳቦ ቤቱን ባለቤት ሁሉ ጠርጥራ ነበር፤ ሰውየው ዝም ብሎ ሰው ያያል።

በሦስተኛው ቀን ጉልበቷን እየጎተተች ከሁለት ቤት ማዶ ወደሚኖረው ሰው ሄደች። ሰውየው በዚያው ፋብሪካ ሳሙና የሚያፈላ ሠራተኛ ነው፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ተወካይ ነው። የሰፈሩ ሰው «አንቀጽ» ይለዋል። ሰላም ካሉት እንኳ በስንተኛው አንቀጽ መሠረት እንደሆነ የሚጠይቅ ይመስላል። እግሩ የተሰበረ በርጩማ በሚስማር ሲጠጋግን አገኘችው። ደብዳቤውን አነበበና ሚስማሩን ከከንፈሩ አወጣ።

«እናቴ፣ የፋብሪካው ደንብ ሁለት መንገድ ነው ያለው። ሠራተኛ በራሱ ስልክ፣ በራሱ ሰዓት የሆዱን ቢጽፍና ስም ባይጠራ፣ ቢበዛ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው። ስም ጠርቶ ካዋረደ ግን ያለ ማስጠንቀቂያ ይሰናበታል።»

«እሷ አልጠራችማ!»

«ታዲያ ማን ጠራው?»

«አንተን እየጠየቅኩህ መልሰህ ትጠይቀኛለህ?»

አንቀጽ ሳቀ። «ይጠየቃሉ እንጂ እነሱ! አጥፍተሻል ያለ ሰው ጥፋቱን ማሳየት አለበት። ማስረጃውን የማየት መብት አላት፤ መልስ የመስጠትም መብት አላት። ግን ደብዳቤው በደረሳት በአምስት ቀን ውስጥ አቤት ማለት አለባት። ዛሬ ስንተኛው ነው?»

«ሦስተኛው።» ይህን እንኳ እንቅልፏ ውስጥ ሆና ስትቆጥር ነበር። «እሷ ግን አልሄድም ብላለች።»

«እንዴት? እንጀራዋ አይደለም እንዴ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ‹ተይው› ብቻ ነው የምትለኝ።»

«እንግዲያው እናቴ፣ ሁለት ጥያቄ አለብዎት ማለት ነው» አለና ሚስማሩን መልሶ ነከሰው። «ስሙን ማን ጠራው፣ ልጅቷስ ለምን አልታገልም አለች።»

ቤት ስትደርስ ልጅቷን በልመና ሞከረቻት፤ እምቢ አለች። በቁጣ ሞከረቻት፤ እምቢ አለች። በመጨረሻ ነጠላዋን አነሳችና «እሺ፣ እኔ ብቻዬን እሄዳለሁ። በሩ ላይ ያዋርዱኝ፤ ካስፈለገም ይሰሩኝ። ሹራቡ ደርቋል፣ ለእኔም ይሆነኛል» አለች።

ልጅቷ ተነስታ ተቀመጠች። «እሺ! እሄዳለሁ። አንቺ ግን አትመጪም።»

«አልመጣም።»

መጣች። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷና አንቀጽ ከአውቶቡስ ሲወርዱ፣ እናትየው በኋላ በር እያነከሰች ስትወርድ አዩዋት። ልጅቷ ፊቷ አመድ መሰለ።

«እማ፣ ምን አልኩሽ?»

«መንገድ የመንግሥት ነው» አለች እናትየው።

የፋብሪካው ዘበኛ ሦስቱን አንድ በአንድ ተመለከተ። አንቀጽ «ቤተሰብ ናቸው፤ አቤቱታ ላይ ሰው ይዞ መግባት ይቻላል» አለው። ዘበኛውም መቻል አለመቻሉን ስለማያውቅ አስገባቸው።

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ቢሮ ከማሸጊያው ክፍል በላይ ነው። ወለሉ በታች ባሉት ማሽኖች ይርገበገባል፤ ሁሉ ነገር ሳሙና ሳሙና ይሸታል። ማራገቢያው ወረቀቶቹን እንዳይበትን በእያንዳንዱ ክምር ላይ ያልታሸገ ሳሙና ተቀምጧል። እናትየው የፈራችው አፍንጫው የተቆለመመ ሽማግሌ ነበር፤ ኃላፊዋ ግን መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ ወንበር እንኳ የምታቀርብ ሴት ሆነች። ደግ ሴት ስታባርር ደግሞ የባሰ ነው አለች በሆዷ፤ ሰው ምን ብሎ ይጣላታል?

«ማስረጃው ይቅረብልን» አለ አንቀጽ።

ኃላፊዋ አንድ ወረቀት ከፋይል አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ልጅቷ የለጠፈችው፣ ሳታጠፋው በፊት አንድ ሰው ፎቶ ያነሳው ነው። ሁለቱ ነጫጭ እጆች ከላይ ይታያሉ። ከሥር የሰዎች ኮሜንት ተደርድሯል፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ በቀይ እስክሪብቶ ተከቧል።

እናትየው መጀመሪያ ያስተዋለችው የወረቀቱን ነገር አይደለም። ልጅቷ ወረቀቱን አላየችውም። በመስኮት የጭስ ማውጫውን ታያለች። አራት ቀን ሙሉ ያስለቀሳት ማስረጃ ፊቷ ተዘርግቶ፣ የጭስ ማውጫ ታያለች! እናትየው ይህ ገርሟት መነጽሯን አደረገችና ጎንበስ አለች።

አንድ ሰው «ይሄ የት ነው?» ብሎ ጠይቋል። ከዚያ ሥር በቀይ የተከበበው መልስ አለ። የፋብሪካው ስም ከነሙሉ ማዕረጉ፤ ቀጥሎ «ማሸጊያ ክፍል፣ ሁለተኛ ፈረቃ። ጎበዞች ናቸው! በርቱ! ፈጣሪ ውሃውን ያምጣላችሁ» ይላል። የጻፈው ሰው ስም «ተመስገን ነው» የሚል ነው።

እናትየው ስሙን ደግማ አነበበችው። ለአራት ቀን ሌባ ስታሳድድ ቆይታ፣ የያዘችው የገዛ ነጠላዋን ጫፍ ነበር።

«ይሄ ሁለተኛ ገጿ ነው» አለች ኃላፊዋ በጣቷ እየጠቆመች። «ፎቶዋ ይኸው፤ የምረቃ ልብስ ለብሳ። ከላይ ስም ሳትጠራ ትጽፋለች፣ ከታች በሌላ ስም ገብታ ራሷ ትጠራለች። ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።»

«አንቺ ነሽ?» አለ አንቀጽ ወደ ልጅቷ ዞሮ።

ልጅቷ አሁንም የጭስ ማውጫውን ታያለች። ነኝ አላለችም፤ አይደለሁምም አላለችም።

እናትየው ከወንበሯ ስትነሳ ጉልበቷ ጮኸ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ከተናገረች ልጇ ከሥራ እሷ ከቤት፣ ሁለቱም ፍርድ ቤት። የፋብሪካው ጠበቃ ጥቁር ካባ ለብሶ ታያት። ዝም ብትል ደግሞ ልጅቷ ያው እንደወጣች ቀረች።

«እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን ነዎት?» አለች ኃላፊዋ።

«ተመስገን ነው። እኔ ነኝ።»

ማራገቢያው አንድ ዙር ዞረ።

«እማ፣ ተቀመጪ» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ።

«አልቀመጥም! ሰውየው ‹የት ነው?› ብሎ ጠየቀ። ሰው ሲጠይቅ ዝም ይባላል እንዴ? እዚህ ነው ብዬ መለስኩለት። ኮርቼም ነበር። በቀን ለስንቱ ፎቶ ስመልስ እየዋልኩ፣ ይሄን መጻፌን እስከ ዛሬ ረስቼው ነበር። በርቱ ብያለሁ እኮ፣ ስድብ አለበት?»

«ፎቶው ግን የልጅዎ ነው።»

«የእኔን ማን ሊያየው? ለፎቶ የሚሆነው የእሷ ነው ብዬ ነው።»

ኃላፊዋ መነጽሯን አወለቀች። «የእኔም እናት…» ብላ ጀመረችና ተወችው። «ስልክዎን ማየት እችላለሁ?»

እናትየው ከጡቷ ሥር ስልኩን አወጣች፤ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ፌስታሉ በመሐረብ ታስሮ። መሐረቡን ስትፈታ፣ ፌስታሉን ስትገልጥ ሦስቱም ጠበቋት። በአንድ ጣቷ ከፍታ ገጹን አሳየቻት። ተመስገን ነው። የምረቃ ልብስ። ከሥሩ የትራስ ልብስ ፎቶ፣ የጎረቤት የልጅ ልደት፣ ለማታውቃቸው ሰዎች ሁሉ የተጻፈ «አይዟችሁ»።

አንቀጽ ጉሮሮውን ጠረገ። ያን ጠዋት ሙሉ የጠበቀው ደቂቃ እንደደረሰ ያስታውቅበታል። «ደንቡ ‹ማንኛውም ሠራተኛ› ነው የሚለው። እኚህ ሴት ሠራተኛ አይደሉም፤ ደመወዝም አልከፈላችኋቸውም። በደንቡ ውስጥ ስለ እናት የሚናገር አንቀጽ የለም።»

«አውቃለሁ» አለች ኃላፊዋ። «ውጭ ቆዩ። ሥራ አስኪያጁን ላነጋግር።»

ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። አንቀጽ ሲጋራ ፍለጋ ወረደ። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እናትየው ከፖሊስም ከጠበቃም ይልቅ አሁን የፈራችው አጠገቧ ያለችውን ነው።

«ተናገሪኝ» አለች። «ስደቢኝ፤ እችለዋለሁ።»

«አይቼው ነበር» አለች ልጅቷ።

«ምኑን?»

«ኮሜንትሽን። ያን ለት ማታ። እሱን አይቼ ነው ፖስቱን ያጠፋሁት። ለካ አንዱ ቀድሞኝ ፎቶ አንስቶታል።»

እናትየው ወደ ልጅቷ ዞረች። ሁለተኛው ጥያቄ ነበር ይሄ፤ መልሱ አጠገቧ ተኝቶ ነበር ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ።

«አውቀሽ ነው አራት ቀን ሙሉ የዳቦ ቤቱን ሰውዬ ሳማ ዝም ያልሽኝ?»

«እሱስ ያስቅ ነበር።» ልጅቷ ጥቂት ፈገግ አለችና መልሳ ተከዘች። «ጉልበትሽ ከታመመ ወዲህ ከቤት አትወጪም። ከሰው የምትገናኚው በዚያ ስልክ ነው። ጥፋቱ ያንቺ ነው ብልሽ፣ ስልኩን ጉድጓድ ነበር የምትከቺው።»

«ጉድጓድስ አልከተውም፤ አንቺ የገዛሽው ነው።» እናትየው አፍንጫዋን በመሐረቡ ጠረገች። «ቁም ሣጥን ውስጥ እቆልፍበት ነበር እንጂ። ግን እኮ የእኔ ልጅ፣ ለአንድ ስልክ ብለሽ እንጀራሽን?»

«ለስልኩ አይደለም።»

እናትየው የልጅቷን እጅ ያዘች። ከጥፍሮቿ ሥር አሁንም ነጭ ነገር አለ።

እኩለ ቀን ሲቃረብ በሩ ተከፈተ። ኃላፊዋ ቆማ ነው ያነበበችላቸው፦ ስንብቱ ተሽሯል። ስም የጠራችው ሠራተኛዋ ባለመሆኗ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ለጽሑፉ ግን የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጣታል።

«ለማስጠንቀቂያውም መልስ እንጽፋለን» አለ አንቀጽ ከደረጃው ላይ እያለከለከ።

«መብታችሁ ነው» አለች ኃላፊዋ። ወደ ልጅቷም ዞራ «ፈረቃሽ ሊጀምር ነው። ልብስሽን ቀይሪና ግቢ» አለቻት።

ልጅቷ እናቷን ጉንጯ ላይ ሳመቻትና ደረጃውን እየሮጠች ወረደች። እንደዚህ ስትሮጥ ካየቻት ቆይቷል።

እናትየው ከግቢው ወጣች፤ ወደ አውቶቡሱ ግን አልሄደችም። ዕድሜዋን ሙሉ ክፉ ሲመጣ የምታደርገውን ታውቃለች፤ ልብስ ታጥባለች፣ ቀን ትቆጥራለች፣ ሰው ትጠረጥራለች። ደግ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ግን ማንም አላስተማራትም። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች።

ዘበኛው ትንሽ አየት አየት ካደረጋት በኋላ መጣ። «እናቴ፣ ጉዳይዎ አላለቀም እንዴ?»

«አልቋል። በደንብ አልቋል።»

«ታዲያ ምን ይጠብቃሉ?»

«ሀሳባቸውን ቢቀይሩስ ብዬ ነው።»

«ፈረቃው የሚለቀው እኮ ማታ ነው!»

እናትየው ፀሐዩን በእጇ ከልላ ሰማዩን አየችና፣ «እንግዲያው ያንን ወንበርህን ወደ ጥላው ሳብልኝ፤ ይሄ ድንጋይ ለጉልበቴ አይሆንም» አለችው።