የፌንግ እንክብል

"አይደለም" አሏት ዶክተር ጂ፣ የሹዪንን ክንድ ይዘው ወደ ሆስፒታሉ ደረጃ ጥግ እየወሰዷት። "የአባትሽ ካንሰር ሌላ ዓይነት ነው። የፌንግን እንክብል ቢውጥ ምንም አይጠቅመውም።"

ሹዪን የምትይዘው የምትጨብጠው ጠፋት። ሳምንቱን ሙሉ ተስፋ ያደረገችው በዚያ እንክብል ነበር። ከአባቷ አጠገብ የተኛው ኑድል ሻጩ ፌንግንም የያዘው የደም ካንሰር ነው። የእሱ ሕዋሳት ግን መድኃኒቱ ሲደርሳቸው በልጅነታቸው መቅረታቸውን ትተው ያድጋሉ፤ አድገውም እንደ ጤነኛ ሕዋስ ጊዜያቸውን ጠብቀው ይሞታሉ። የአባቷ ሕዋሳት ማደግን እንቢ ያሉ ናቸው።

"ስንት ጊዜ አለው?"

"ስድስት ሳምንት። ቢበዛ ሁለት ወር። በሰባ ሦስት ዓመቱ ከባዱን መድኃኒት አይችለውም።"

ጡረተኛው የባቡር መካኒክ አባቷ የሚያውቀው ደም ማነስ እንዳለበት ብቻ ነው፤ የፌንግን እንክብልም የደም መድኃኒት ነው ብሎ ይጠብቃል። በአገራቸው ልማድ ለታማሚው እውነቱን መንገር የቤተሰብ ፋንታ ነው፤ ቤተሰብ ደግሞ አይናገርም። ወንድሟ በስልክ ሲሰማ ለቅሶውን ዋጥ አድርጎ መላ አመጣ፦ "የዓሣ ዘይት እንክብል ግዢለትና የፌንግ መድኃኒት ነው በዪው። ወረቀቱን ከጠርሙሱ ልጠሽ ጣዪው። ባይሆን ደስ ብሎት ይሙት።" ሹዪን ክፉ ሐሳብ ሆኖ አልታያትም። ከሆስፒታሉ ማዶ ካለው ፋርማሲ ገዝታ ተመለሰች።

"መጣልህ፣ አባዬ!"

አባቷ ቱንግ እንክብሏን መዳፉ ላይ አንከባለላት። "አንተ ፌንግ፣ እስቲ እያት። ያንተ ናት?"

ፌንግ እንክብሏን አየ፤ ከዚያ ሹዪንን አየ። ጠዋትና ማታ የሚውጠው እንዳልሆነ አላጣውም።

"እሷው ናት፣ አጎቴ። መጀመሪያ ላይ ራስ ታሳምማለች፤ አይፍሩ።"

"የእኔ ራስ ድሮም ጤና የለውም፤ ሚስቴን ጠይቃት!" ብሎ ሳቀና ዋጣት። ሆስፒታል ከገባ እንዲህ ስቆ አያውቅም። ሹዪን በውሸቷ ደስ አላት፤ ደስታዋ ግን አንድ ደቂቃ አልሞላም።

"ለእናትሽ ደውዪላት" አላት። "ነገ እመጣለሁ ብላ የለ? በዚህ የኅዳር ብርድ፣ በዚያ ጉልበቷ ምን ያንከራትታታል? ትቅር። መድኃኒቴን እዚሁ ጨርሼ፣ ብርዱ ሲያልፍ በጸደይ በእግሬ እመጣለሁ በያት።"

"በጸደይ?"

"ፌንግ በአምስት ወር ትድናለህ ተብሏል። እኔ ከፌንግ አንሼ ነው?"

ደወለች። እናቷ ወዲያው አነሳች፤ ከገጠር የምታመጣለትን ዶሮ አርዳ መረቁን እየቀቀለች ነበር። አባቷ ጣቱን እያወዛወዘ "ትቅር በያት" ይላታል። ሹዪን የጸደዩን ነገር ልትናገር አፏን ከፈተች፤ አልወጣላትም። አርባ ስድስት ዓመት አብረው የኖሩ ሰዎች በእሷ የዓሣ ዘይት የተነሳ ሳይተያዩ ሊቀሩ ነው።

"ነዪ፣ እማዬ" አለች። "ነገ የመጀመሪያውን ባቡር ያዢ። ወደ ቤት እንወስደዋለን።"

የአባቷ ጣት እንደተቀሰረ ቀረ። ፌንግ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። አዛውንቱ ልጁን አያት፣ አያትና እጁን ቀስ አድርጎ አወረደ።

"ለመንገዱ ወፍራሙን ካፖርቴን ታምጣልኝ በያት" አለ።