ቁመቷ ስንት ነው?

አባቴ ካያክ ገዝቶልኝ፣ ሳሎን ሶፋው ላይ አጋድሟት ጠበቀኝ። ካያክ ቀዛፊው እግሩን ዘርግቶ የሚቀመጥባት ጠባብ ጀልባ ናት። ይህቺ ግን ከሶፋው አትበልጥም።

«ልክሽ ናት» አለኝ፣ ደረቱን ነፍቶ።

«አባዬ፣ እቺ የሕፃን ናት።»

«የምን ሕፃን? በልክሽ ነው ያዘዝኩት! ሻጩ በስልክ ‹ቁመቷ ስንት ነው?› አለኝ። አንድ ሜትር ከስልሳ አምስት፣ በእናቷ ወጥታ አጭር ናት አልኩት።»

ሰውዬው የጠየቀው የጀልባዋን ነው። አባቴ የነገረው የእኔን። ሻጩ «ርዝመቷ» ቢል ምላሱ ይቆረጥ ነበር? እኔ ልደውል ስልም «አንቺ ዋጋ መከራከር አታውቂም» ብሎ ስልኩን የነጠቀኝ እሱ ነው።

የማጠናው የሐይቁን ውሃ ነው። የመሥሪያ ቤቱ የሞተር ጀልባ ሸንበቆው ውስጥ አይገባም። ሰኞ ከዚያ ናሙና ካላመጣሁ ጥናቱ ለባልደረባዬ ይሰጣል። እሱ ደግሞ ውሃ የሚያውቀው በብርጭቆ ነው።

ጀልባዋን መኪናው ጣሪያ ላይ አስረን ልንቀይራት ሱቁ ድረስ ሄድን። ሻጩ ሳቀ። ስቆ ሲበቃው አምስት ሜትር የምትሆን አሳየኝ።

«እቺ ቀጥ ብላ ነው የምትበረው፣ እህቴ።»

«ሸንበቆ ውስጥ ወዴት ነው የምበረው? መዞር አለብኝ፤ ረጅም ደግሞ እንደልብ አይዞርም። ሦስት ሜትር ስጠኝ።»

«ረጅሟን ውሰጂ» አለ አባቴ። «ነገ ስታገቢ ባልሽን ከኋላ ታስቀምጪዋለሽ።»

«ባሌ ዋና ይማር!»

ሦስት ሜትሯ ከበሩ በላይ ተንጠልጥላለች፤ ሆዷ ላይ የሱቁ ስም በቀይ ተጽፎባታል።

«እሷ ማስታወቂያ ናት፣ አትሸጥም» አለ ሻጩ።

ጉድ እኮ ነው! የምትሆነኝ አንዲት ጀልባ፣ እሷም ታፔላ።

ይህን ስንጨቃጨቅ አባቴ ትንሿን አውርዶ በሩ ላይ አስቀመጣት። «እኔን እንኳ ትችላለች፣ እዩ!» ብሎ ገባባት። መግባቱንስ ገባ። ጉልበቱ አገጩ ሥር ተቀርቅሮ ቀረ። ደንበኞች ውጭ ተሰበሰቡ፤ መግቢያ የለም።

«ኧረ አባባ፣ ይነሱልኝ!» አለ ሻጩ።

አባቴ ወደ ላይ፣ ወደ ታፔላዋ አየ።

«ልጄ የፈለገቻትን አውርድላት። እስከዚያ አልነሳም።»

መነሳት እንደማይችል እኔ አውቃለሁ። ሻጩ አላወቀም። እያጉረመረመ መሰላል አመጣ። ሦስት ሜትሯን መኪናው ላይ ካሰርኩ በኋላ ነው አባቴን በብብቱ ይዘን የነቀልነው።

ሰኞ ሸንበቆው ውስጥ ገብቼ ናሙናዬን ቀዳሁ፤ እዚያው ዞሬ ወጣሁ። ባልደረባዬ ዳር ቆሞ የሱቁን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ያንብብ።

ስልኬ ጠራ። ሻጩ ነው።

«እህቴ፣ ቁመቷ ተስማማሽ?»

«ርዝመቷ በል!» ብዬ ዘጋሁበት።