ተራ የማይጠበቅበት ጨዋታ

«ሁለተኛው ሰው ማነው?» አለ ካድሬው ጓድ ሙላው፣ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ቆሞ። ለቅሶ ቤት የመጣ ሰው መሆኑን ረስቶ «እግዜር ያጥናችሁ» እንኳ አላለም፤ ያስታወሰውም የለም።

የታፈረ ሣልስት ነበር። እህቱ ጽጌ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከእናቷ ከእትዬ ፋንቱ ጎን ተቀምጣለች። የሚፈለገው ሰው እሷ ናት።

ታፈረ ቡልጋሪያ ተምሮ ሲመለስ ለንፋስ መውጫ ያመጣው አንድ ወሬ ነው፦ በሽቦ የተያያዙ ሁለት ኮምፒዩተሮች፣ ሁለት ተጫዋቾች፣ ሁለት ጦር። እንደ ሰንጠረዥ ተራ መጠበቅ ብሎ ነገር የለም፤ አንተ ስታስብ ባላጋራህ ይዘምትብሃል፣ የት እንዳለም አታየውም። ኮምፒዩተር ከየት ይምጣ? ወለሉ ላይ በከሰል ጋይንትን ሣለ፣ መሀሉን በአንሶላ ጋረደ፣ ባቄላውን እግረኛ፣ ሽምብራውን ታንክ አደረገና «ነይ እስቲ ጽግዬ» አላት። ብዙውን ጊዜ የምታሸንፈው እሷ ነበረች። እሱ የቀናው ቀን ግን ጩኸቱ ለጎረቤት ይተርፋል።

አንድ ቅዳሜ «ጉናን ያዝን» ብሎ ጮኸ። በሳምንቱ አማፂዎቹ እውነተኛውን የጉና ተራራ ያዙት። ጆሮ ጠቢ መቼ ጠፍቶ፤ መጥተው ወሰዱት። ጨዋታ ነው ቢላቸው ሳቁበት። ከማን ጋር እንደነበረ ሳይናገር ሬሳው መጣ።

ሙላው ለቀስተኛውን ሲያማትር ዓይኑ ጨርቅ ነጋዴው ጁሃር ላይ አረፈ።

«አንተ እዚህ ቤት አትጠፋም ነበር አሉ።»

«ራዲዮ ልሰማ ነው የምመጣ፣ ጓድ። ጎረቤት ነን።»

«የማንን ራዲዮ?»

ጁሃር አጠገብ የነበሩት ሰዎች ቀስ እያሉ ሸሹት። ከሴቶቹ መሀል ሚስቱ ሀቢባ የምታጠባውን ልጅ አቅፋ ብድግ አለች።

«ተነስ፣ እንሂድ» አለው ሙላው።

ጽጌ እናቷን አየቻቸው። የቀረቻቸው ልጅ እሷ ብቻ ናት። ፈርታለች፤ ሆኖም ተነሳች።

«እሱን ይተዉት። ከአንሶላው ማዶ የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ሙላው ጁሃርን ትቶ ወደ እሷ ዞረ። «እንሂድ፤ እዚያ ታስረጃለሽ» አላት።

«ሣልስቱን እንኳ ትዋልልኝ፣ ልጄ» አሉት እትዬ ፋንቱ። እሱ በእጁ መውጫውን አሳያት።

እትዬ ፋንቱ አላለቀሱም። ከሰፌዱ ንፍሮ ዘግነው በልጃቸው ነጠላ ጫፍ ቋጠሩላት። መልሰው ፈቱትና ሌላ እፍኝ ጨመሩበት፤ ከዚያ ቋጠሮውን በጥርሳቸው ስበው አጠበቁት።