የገመድ ማር

«ለአራጌ ቦታ ልቀቁለት! የጎንፋ ገመድ ያዥ እኮ ነው» አለ አንድ ሽማግሌ። ከቀብር መልስ ድንኳኑን የሞላው ሰው ተጠጋግቶ፣ ከሟቹ ከጎንፋ ሚስት ከድንቂቱ ጎን ስፍራ ተገኘለት። አራጌ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

በያዮ ጫካ ጎንፋ ዛፍ ላይ ወጥቶ ቀፎ ሲሰቅልና ማር ሲቆርጥ፣ ወገቡ ላይ የታሰረውን ገመድ ከሥር የሚይዘው አራጌ ነበር። ትናንት ጎንፋ ብቻውን ወጣ። ቅርንጫፉ ሲገነጠል ከሥር ማንም አልነበረም።

ነገሩን የጀመረው ይታገሱ ነው። ከአራጌ በፊት ገመድ የሚይዘው እሱ ነበር፤ ጠጥቶ እየመጣ ሲያስቸግር ጎንፋ አሰናበተው። ቂሙን በሳቅ ሸፍኖ ከረመ። አንድ የገበያ ቀን ሁሩሙ ላይ አራጌን ትከሻውን አቅፎ፣

«አንተ ወንድሜ፣ ቤትህ ማር ገባ አሉ» አለው።

«የምን ማር?»

«ነጭ ማር ነዋ! አንተ ሳትኖር ጎንፋ ለሰዒዳ ሲያቀብላት አይቼ... ተወው፣ በሰው ትዳር ምን ጥልቅ አደረገኝ!»

«ተናገር እንጂ!»

«ለእሷ ሲሰጥ አንተን ለምን ደበቀህ? ይህን ብቻ ጠይቅ።»

አራጌ ጎንፋን አልጠየቀም። ሚስቱን ጠየቃት።

«የገመድ ነው ብሎ ሰጠኝ» አለች ሰዒዳ።

«ገመድ ደግሞ ማር ይወልዳል? ሞኝ መሰልኩሽ?»

ከዚያ ወዲህ ከእጇ እህል አልቀመሰም። ትናንት ጠዋት ጎንፋ ከደጅ «አራጌ! ጀምበሯ እኮ ወጣች!» እያለ ሲጣራ ጋቢውን ተከናንቦ ዝም አለ። ሰዒዳ ወጥታ «ትኩሳት ይዞታል» ስትል ሰማ።

«እግዜር ይማረው። አንድ ባዶ ቀፎ ልሰቅል ነው፣ ብቻዬን አላንስም» ብሎ ጎንፋ ሄደ።

አሁን ድንቂቱ በለቅሶ በሰለለ ድምፅ «ኦቦሌሳ ኮ፣ ወንድሜ፣ ትኩሳቱ ተሻለህ?» አለችው። መልሱንም ሳትጠብቅ፣ «የሰዒዳ ማር እኔ ጋ ተቀምጧል፤ ሰው ልኬ አደርስላታለሁ» አለች።

«የሰዒዳ?»

«አልነገረህም? እናንተ ከወሎ ስለመጣችሁ አታውቁት ይሆናል። በእነ ጎንፋ ቤት የገመድ ያዥ ድርሻ የሚሰጠው ለሚስቱ ነው። ባሏ የሰው ነፍስ በእጁ ይዞ ሲውል እሷም ስትሰጋ ትውላለችና። የይታገሱም ሚስት ስንት ዘመን በልታዋለች!»

አራጌ ቀና አለ። ይታገሱ ከወዲያ ጥግ ስለ ቡና ዋጋ ያወራል። ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ፊቱን አዞረ። አራጌ ሊጮህበት ቃጣና ተወው። ይታገሱ ክፉ ወሬ ነገረው እንጂ ጋቢ አላከናነበውም።

«ምን ይደረግ፣ ሕመም አስቀረህ» አለች ድንቂቱ እጁን ይዛ። «ደህና ብትሆን ኖሮ መች ትለየው ነበር!»

ከሴቶቹ መሃል ሰዒዳ ታየዋለች። ጭንቅላቷን በቀስታ ወዘወዘች፤ አትናገር ማለቷ ነው። ያዋረዳት ሚስቱ ዛሬም ስሙን ልትሸፍንለት ትለምነዋለች። ከሁሉም ይበልጥ ይህ አንገበገበው።

እጁን ከድንቂቱ እጅ ቀስ ብሎ አወጣ። ከተለቀቀለት ስፍራ ተነስቶ ፊቷ ተንበረከከ።

«ድንቂቱ» አለ፣ ድንኳኑ ሁሉ እንዲሰማው ድምፁን ከፍ አድርጎ፤ «አላመመኝም ነበር።»