ከኋላ የያዛት

ወንድሟ የሞተበትን የውድድር መኪና ቦዲ አባቷ እንደ አዲስ ቀጠቀጠው፤ ሞተሩን አጎቷ አደሰው። መንዳቱ ለእሷ ቀረ።

ወንድሟን የጨረሰው ጥድፊያው ነው። ረጅሙ ቀጥታ መንገድ ላይ ፍጥነት ልጨምር ብሎ፣ መኪናውን ወደ መሬት የሚጫነውን የኋላ ክንፍ አስተኛው። ፍጥነቱንስ አገኘ። ኩርባው ላይ ሲደርስ ግን ጎማዎቹ መሬቱን አልጨብጥ አሉት፤ ከግንቡ ጋር ተላተመ።

እሷ ልምምድ ከጀመረች ወዲህ ቀጥታው ላይ አንድ ነገር ከኋላ ይይዛት ጀመር። ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጣው ሳለ መኪናው እምቢ ይላል። ውሎ ሲያድር ደግሞ ባሰበት። ከራስ ቁሯ ውስጥ የሰው ትንፋሽ የሚመስል ድምፅ ትሰማለች።

“አጎቴ፣ ወንድሜ ነው የሚይዘኝ” አለችው አንድ ቀን ጓንቷን እያወለቀች።

አልሳቀባትም። “የሚይዝሽ አየሩ ነው ልጄ። ፍጥነትሽን እጥፍ ላድርግ ብትዪ አየሩ አራት እጥፍ ይገፋሻል፤ ሞተሩ ደግሞ ስምንት እጥፍ ጉልበት አምጣ ይባላል። ከየት ያመጣል?” አለና የሞተሩን ክዳን ከፈተ። “ግን ሞተሩ ደህና ነው፣ ፈትሼዋለሁ። ያለፈው ሳምንት የነበረሽ ፍጥነት የት እንደጠፋ ግን አልገባኝም።”

በማግስቱ ሳይጠብቋት ጋራዡ ደረሰች። አባቷ የቡሎን መፍቻ ይዞ ከክንፉ ሥር ተንበርክኳል።

“አባዬ፣ ምን እየሠራህ ነው?”

“ትንሽ ቀና ላድርገው ብዬ።”

“ከዚህ በፊትስ?”

መፍቻውን መሬት ላይ አኖረው። “ልምምድ በወጣሽ ቁጥር። ቀና ሲል ይጫንሻል፣ አየሩም ያዘገይሻል። ብትሸነፊ ምን ቸገረኝ? አንቺ ብቻ በሰላም ግቢልኝ።”

መፍቻውን ከመሬት አነሳችው። አጠገቡ ቁጭ አለች።

“እንዲህ ቆሞ አልወዳደርበትም። እሱ እንዳስተኛውም አልነዳውም። ና፣ አብረን እናስተካክለው።”

አጎቷን ጠሩትና ሦስቱ ተመካክረው መካከለኛው ላይ አሰሩት። የመጨረሻውን ቡሎን ያጠበቀችው እሷ ናት።

በውድድሩ ቀን መኪናው ቀጥታው ላይ አይታው በማታውቀው ፍጥነት ከነፈ። ጫፉ ላይ ሲደርስ ግን ያው ነገር ጨበጣት፤ ከዚያ ወዲያ ንቅንቅ የለም። ትንፋሹንም ሰማችው። ኩርባውን በደህና ዞረች፣ ሦስተኛ ሆና ጨረሰች።

“አላልኩሽም?” አላት አጎቷ ውሃ እያቀበላት። “ሞተሩ የሚገፋውና አየሩ የሚመልሰው እኩል ሲሆኑ አበቃ። ክንፉ ቢስተካከልም አየር የትም አይሄድም።”

አባቷ አጎቷ እስኪርቅ ጠበቀ። ስንተኛ እንደወጣች አልጠየቃትም።

“እዚያ ጫፉ ላይ ምን አለሽ?” አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ማን ብላ አልጠየቀችውም።

“ምንም አላለኝ አባዬ። ይዞኝ ብቻ ነበር።”

አባቷ ጎማው አጠገብ ተቀመጠ። ሰው ሁሉ ሄዶ ሜዳው ጭር እስኪል አልተነሳም፤ እሷም አብራው ቆየች።