በዓል የማያውቅ ጎመን

የፈውዚያ ጥቅል ጎመን ማሬን እንቅልፍ ነሳት።

ከደብረ ማርቆስ መናኸሪያ ጀርባ ያለው ባዶ ቦታ ፌስታልና የተሰበረ ጠርሙስ ብቻ ሲያበቅል «ይታረስ» ያለችው ማሬ ነበረች። ከአስረኛ ክፍል ብትቀርም የግብርና መጽሐፍ እየተዋሰች አንብባ፣ ቀበሌ ተመላልሳ ፈቃድ ያወጣችው፣ ለሰፈሩ ሴቶች መደብ መደብ አድርጋ ያከፋፈለችው እሷ ናት። ፈውዚያ ከደጀን አግብታ መጥታ፣ በባሏ ሱቅ ስኳር ስትመዝን ኖራ፣ መጨረሻ ላይ ደርሳ ጥጉን ወሰደች። አሁን ታዲያ አላፊ አግዳሚው አጥሩን ተደግፎ «የፈውዚያ እርሻ» ይላል።

ይባስ ብሎ ጎን ያለው ሌላ ባዶ ቦታ መደቧ ላማረላት ለአንዷ ሊሰጥ ነው። የግብርና ባለሙያው ታዲዮስ በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ማግስት መጥቶ ይመርጣል ተብሏል።

ማሬ የጎመኑን ምስጢር ደረስኩበት አለች። ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ በዓሉ ደግሞ አያልቅምና ተራው ብዙ ጊዜ በበዓል ቀን ይውላል። በበዓል ክርስቲያኖቹ ሴቶች እጃቸውን አፈር አያስነኩም፤ ፈውዚያ ግን ጀሪካኗን አንጠልጥላ ብቻዋን ትገባለች። እናም ጥምቀት ሲቃረብ ሴቶቹን ሰበሰበቻቸው።

«እኛ ቤተ ክርስቲያን ቆመን እሷ እዚህ ስትሠራ ምን ይባላል? በበዓል በሩ ይቆለፍ።»

«ካላችሁ ይቆለፍ» አለች ፈውዚያ ሻሿን እያስተካከለች። «ግን ማርዬ፣ ጎመን በዓል አያውቅም።»

«አንቺም አታውቂም፤ ለዚህ ነው የተስማማችሁት።»

ሴቶቹ ሳቁ። ቁልፉም ማሬ አንገት ላይ ዋለ።

ከጥምቀት በኋላ በሩ ሲከፈት የፈውዚያ ጎመን ጠውልጎ ነበር። ማሬ ደስ ሊላት ሲል የራሷን አየች። የሷማ መሬት ላይ ተኝቷል። በገናም ሆነ በታኅሣሥ ገብርኤል እንዲህ ሆኖ አያውቅም።

«ምን ነክቶት ነው?» አለች ዘበኛውን ጋሼ እንዳላማውን።

«ውሃ ጠምቶት ነዋ። በበዓል በበዓል ፈውዚያ ነበረች የምታጠጣልሽ፤ አሁን ቆለፍሽባት።»

«የኔን?»

«የሁላችሁንም። አልነገረችሽም እንዴ?»

አልነገረቻትም። ማሬን ያንገበገባት ይሄ ነው። በጎመን መብለጧ አንሶ በደግነትም ልትበልጣት፣ ያውም ተደብቃ። አስተርእዮ ማርያም ሲመጣም በሩን አልከፈተችም።

የኪዳነ ምሕረት ዕለት ከቅዳሴ ስትመለስ ቧንቧው ውሃ ይተፋል። ማሬ አጥሩ ጋ ቆመች። ቁልፉን ይዛው ብትቀር የፈውዚያ ጎመን ነገ ደርቆ ይታያል፤ ይህን አሰበችና ጣማት። ግን ታዲዮስ እርሻው ሁሉ ደርቆ ካየ፣ መጀመሪያ «ይታረስ» ያለችው ቂል ማን ናት ብሎ ይጠይቃል። ይህ ደግሞ አልጣማትም። ፈውዚያ ሱቅ ሄዳ ቁልፉን ሚዛኑ ላይ ወረወረችው።

«ሂጂና አጠጪ። የኔን እንዳትነኪ።»

«ለምን?»

«በፈውዚያ ውሃ አማረላት እንዲባል አልፈልግም።»

«አንቺ እኮ ለገዛ ጎመንሽ እንኳ አታዝኚም» አለች ፈውዚያ እየሳቀች።

ከሰዓት ማሬ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቀች። ፈውዚያ የማሬን መደብ እያጠጣች ነው፤ ያውም ከራሷ በፊት። ገብታ ጀሪካኑን ልትነጥቃት ቃጣትና በዓል መሆኑን አስታውሳ ተወችው። ሕጉ የራሷ ነው።

በማግስቱ ታዲዮስ ቦታውን ለፈውዚያ ሰጠ። ሴቶቹ እልል አሉ። ሰው ሲበተን ማሬ ወደ አዲሱ ቦታ ገብታ አፈሩን ቆንጠር አድርጋ አየችው።

«ካሮት እንዳትዘሪበት፤ ከሥሩ ድንጋይ ነው» አለች ፊቷን ሳታዞር።

«እና ምን ልዝራ?»

«ምንም። መጀመሪያ ድንጋዩ ይውጣ።»

ፈውዚያ ቀሚሷን ሰብስባ መልቀም ጀመረች። ማሬ ቆማ አየቻት፤ ፍጥነቷ አናደዳት። ነጠላዋን አውልቃ ከወዲያኛው ጫፍ ጀመረች፣ ከሷ ቀድማ መሃል ልትደርስ።